አሥራ ሁለተኛዋ የሱረት ሙዳይ

ቅዳሜ፣ የካቲት 22 ቀን 2017

ጠዋት ሙዳዮቼን ቆጠርኩ። ብር ሦስት፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ የወረቀት አራት፣ ቀንድ ሁለት፣ ናስ አንድ፣ በጫማ ቅርጽ የተፈለፈለ እንጨት አንድ። አሥራ አንድ። ከጾሙ በፊት አሥራ ሁለት ነበሩ። አሥራ ሁለተኛዋን፣ ከሁሉም የምትበልጠዋን፣ ኃይለ መስቀል ገዝቶ ወሰዳት።

ይህ ደብተር የዕቃ መመዝገቢያ ነው። ዛሬ ግን ንዴት ልመዘግብበት ነው። ለሰው ብናገር እጮኻለሁ፤ ጩኸት ደግሞ ገበያ ያበላሻል።

ኃይለ መስቀል በጠዋት ኮል አደረገ። የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር ነው። ስድስት የጭነት መኪና አለው፤ አነጋገሩ ግን የስድሳ ነው።

«የሺ! ያቺ የብር ሙዳይሽ እኮ ጉድ አሰኘች። ለአባ ሰጠኋቸው። እምነት ያድርጉባት ብዬ።»

እምነት። አባ ገብረ ሥላሴ የሕመምተኛ ግንባር የሚቀቡት የተቀደሰ አመድ። በሱረት ዕቃ።

«ሄሎ? የሺ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አልኩት። «ደንበኛ መጣብኝ።»

ደንበኛ አልመጣም። የምነግድበት አዳራሽ ገና አልተከፈተም ነበር።

እኔ ትምባሆ አልነግድም። ይህን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። የምነግደው ዕቃ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ የእንግሊዙ ንጉሥ አእምሮው ታውኮ ልጁ እንደራሴ ሆኖ በሚገዛበት ዘመን፣ ጨዋ የተባለ ሰው ሁሉ በኪሱ የሚይዛት ትንሽ ሳጥን። ውስጧ የተፈጨ ትምባሆ፤ በሁለት ጣት ቆንጥሮ በአፍንጫ መሳብ። ሰውየውም ትምባሆውም አልፈዋል። የቀረው የብሩ ሥራ ነው፣ ፀጉር የማታሳልፍ ማጠፊያዋ ነው፣ የውስጧ የወርቅ ቅብ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሽቱ ከሸጥኩ በኋላ፣ እዚህ ግራንድ ፕሬሪ በአሮጌ ዕቃ አዳራሽ ውስጥ አንድ የመስታወት ሳጥን ተከራይቼ ስምንት ዓመት የኖርኩት በነዚህ ነው። በዚህ አካባቢ ሙዳይ የሚሰበስብ ሁሉ ያውቀኛል። የየሺሃረግ ካርድ አይዋሽም ይላሉ።

ካርዱ አጠገቧ ነበር። በእንግሊዝኛ፣ በጥቁር ቀለም፦ የሱረት ሙዳይ፣ ብር፣ በርሚንግሃም፣ 1814። ሠላሳ ዓመት አሜሪካ የኖረ ሰው አንድ ካርድ ካላነበበ ጥፋቱ የኔ አይደለም። ለማን እንደሚሰጣትም አልነገረኝም።

አልነገረኝም።


እሁድ፣ የካቲት 23

ከቅዳሴ በኋላ አባን ወደ ቪከሪ ሜዶ ቤታቸው አደረስኳቸው። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን በእኔ ትከሻ ተደግፈው ይወጣሉ፣ እኔ ደግሞ እንደደከመኝ አልነግራቸውም።

ጠረጴዛው ላይ አለች። የእምነቱ ከረጢት አጠገቧ።

ክዳኗ ላይ መስቀል ተቀርጿል። ከመስቀሉ ሥር፦ «ከኃይለ መስቀልና ቤተሰቡ»።

ሁለት መቶ ዓመት አንድ ጭረት ያልነካው ክዳን! ያ ሁሉ እንደ ሐር የተሸመነ ቀጭን መስመር፣ በእጅ በሚዞር መኪና የተሠራ፣ መሃሉ ላይ ቁልፍ በሚቀርጽ ሰው ማሽን ተፈልፍሎ! የቁልፍ ቀራጩ «ኃይለ»ን እንኳ አስተካክሎ አልጻፈም፤ ኃ እግሯ ተቆርጧል። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ጨብጬ ተቀመጥኩ።

«ቆንጆ ናት አይደል?» አሉኝ አባ። አነሷት። በሁለት መዳፋቸው መሃል ይዘዋት ቆዩ።

«ቆንጆ ናት አባ።»

«የጥንት ሰዎች ምን ያደርጉባት ነበር?»

«ትንንሽ ነገር።»

«ትንንሽ ነገር» አሉ። ከዚያ ሻይ አፈሉልኝ።

እኚህ ሰው ካርቱም ላይ ልጄን የቀበሩልኝ ሰው ናቸው። ሌላ ቄስ አልነበረም። የአርባ ቀን ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከእኚህ ሰው የደበቅኩት ነገር የለም።


ረቡዕ፣ የካቲት 26

በጥድፊያ። ሶልያና መጣች፣ የኃይለ መስቀል ልጅ። ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ነርሲንግ ትማራለች። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር አባ ዘንድ ሄዳ ሙዳይዋን ፎቶ አንስታለች።

«እትዬ የሺ፣ ጌስ ዋት! ፎቶውን ሰርች አደረግኩ። ስናፍ ቦክስ ነው! ላይክ፣ የትምባሆ! ሶ ኩል!»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለዳድ። ፍሪክ አውት አደረገ፣ ደነገጠ። አንቺ ታውቂ ነበር?»

አንቺ። እዚህ ያደጉት ልጆች ሁሉንም አንቺ ነው የሚሉት፤ አልቀየምም። ጥያቄዋ ነው የከበደኝ።

«ካርዱ ላይ ተጽፎ ነበር።»

«ዳድ ካርዱ አፕሳይድ ዳውን ነበር አለ። ማለቴ፣ ተገልብጦ።»

ይገለበጣል። ወረቀት ነው። የመስታወቱ በር ሲከፈት ነፋስ ይገለብጠዋል።

አዳራሹ ውስጥ ነፋስ የለም። ማቀዝቀዣው ግን አለ።


ዓርብ፣ የካቲት 28

ኃይለ መስቀል ራሱ መጣ። መኪናውን እሳት አደጋ በሚቆምበት ቦታ ፓርክ አድርጎ።

«የሺ። ሶ፣ ምን እናድርግ?»

«እናድርግ? ስሜን እኔ አልቀረጽኩባትም።»

ፊቱ ቀላ። ከፋሲካ ማግስት የሰበካ ጉባኤ ምርጫ አለ፤ ስሙ በትምባሆ ዕቃ ላይ ተቀርጾ አባ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የኔ ወይ የአባ ነገር አይደለም ያስጨነቀው።

«ስሚኝ፣ ቀላል ነው። አንቺ ኤክስፐርት ነሽ። በድርጅትሽ ወረቀት ጻፊልኝ። የሽቱ ሙዳይ ናት በይ። ፈርሚ። አለቀ።»

«የሽቱ አይደለችም።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ! አንቺ ራስሽ አይደለሽ ‹ሽቱ› ያልሽኝ?»

«አላልኩም።»

«አላልሽም?»

«አላልኩም ኃይሌ።»

አየኝ። ሠላሳ ዓመት የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። ወጥቶ ሄደ፣ መኪናው ላይ የቅጣት ወረቀት ጠበቀው፣ ተመስገን።

የሽቱ ሙዳይ የሚባል ነገር አለ። በዚያው ዘመን ሴቶች በሽቱ የራሰ ስፖንጅ ይይዙባት ነበር። ከክዳኗ ሥር እንደ ወንፊት የተበሳች ሁለተኛ ክዳን አላት። ሕፃንም ይለያታል። እኔ ስሜን ከዚያ ሥር ፈርሜ ፎርት ወርዝ ያለ አንድ ሰብሳቢ ቢያያት ስምንት ዓመቴ በአንድ ወረቀት ያልቃል። ስምንት ዓመት አንድ የውሸት ካርድ አልጻፍኩም። አንድም።

አልጻፍኩም ነው የምለው።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሰው የለም። ሦስቱን ብር አውጥቼ ወለወልኩ። ኃይለ መስቀል ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ጎረቤቴ ቶሚ «ስልክሽ ንብ ገባበት እንዴ?» አለኝ። ቶሚ ከጎኔ የድሮ ቢላና የቀበቶ ዘለበት ይሸጣል፤ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አልሳቅኩለትም። ምን አጠፋ እሱ?


ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የፎርት ወርዙ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው የጥርስ ሐኪም፣ መጣ። በየወሩ ይመጣል፣ ሁሉንም ይነካል፣ በዓመት አንድ ይገዛል። ዛሬ ሁለት ሴቶች መስታወቴ ጋ ቆመው «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉ እኔን ቀድሞ መምህር ሆነ።

ከብሮቹ አንዷን በግራ እጁ ያዘ። ክዳኗን በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ፤ ዱቄቱ ከማጠፊያው እንዲራገፍ ነው። ከፈታት። መጀመሪያ ለራሱ ሳይሆን ለሴቶቹ ዘረጋ። «የተዘረጋ ሙዳይ እምቢ ማለት ስድብ ነበር» አላቸው።

«የማይፈልግስ?» አለች አንደኛዋ።

ባዶ ሁለት ጣቱን አፍንጫው ሥር አደረገ፣ ሳብ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «እንዲህ የሚያደርግም ነበር። ማንም አይነቃም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ የገበያ ሳቅ።

ከዚያ ሙዳይዋን በመዳፉ ጨብጦ አሞቃት። «ስትሞቅ ትናገራለች» አለ፤ ሰጣቸው። አሸተቱ። አንደኛዋ አነጠሰች። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ! ቢያጥቡት፣ ቢወለውሉት፣ ማጠፊያው ሥር የገባው አይወጣም። ብሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይደበቃል፤ የሰው ሙቀት ሲያገኝ ይነሳል።

የአባ እጅ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። ግን ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው እንደደከመ አፍንጫቸውም ደክሟል።

ሴቶቹ ምንም ሳይገዙ ሄዱ። ሐኪሙ ካርዶቼን አንድ በአንድ እያነበበ፣ «ካንቺ ስገዛ ማጉያ መነጽር አላወጣም፤ ካርድሽን አምናለሁ» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ።

እኔ አንድ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። እነዚህ ካርዶች ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። ለሀበሻ ደንበኛ ካርድ አላሳይም፤ በአፌ ነው የምናገረው። በአፌ ደግሞ «የድሮ የብር ሙዳይ» ነው የምለው። ስምንት ዓመት። ሙዳይ አይደለችም እንዴ? ሙዳይ ናት። ምን ውሸት አለበት?


ሐሙስ፣ መጋቢት 18

የሀበሻው ሱቅ፣ ሽሮ ልገዛ። ከመደርደሪያው ጀርባ፦

«የሺ እኮ ትምባሆ ነው የምትነግደው አሉ።»

«ውይ! እቺ ጾም ሳትፈታ የምታስቀድሰው?»

«ለአባም ሸጠችላቸው አሉ።»

«ለአባ ትምባሆ?!»

ሽሮውን ጥዬ ልወጣ ነበር። አልወጣሁም። በፊታቸው አልፌ ከፈልኩ። «እንዴት ዋላችሁ» አልኳቸው። አንደኛዋ ስልኳ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት።

ይህን ያወራው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሶልያና አይደለችም፤ እሷ አማርኛዋ ለሐሜት አይበቃም። አባቷ ነው። በየቤቱ እየዞረ «የሺ አታለለችኝ» እያለ ነው፤ ወረቀቱን ሳልጽፍለት ስሙን አስቀድሞ እያጠበ ነው።

ሌባ የሌባን ዱካ ያውቃል ይባላል። እኔ ሌባ አይደለሁም።


እሁድ፣ መጋቢት 21

ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘኝ። ነጠላውን እንደ ጋሻ አጣፍቶ።

«የመጨረሻ ነው የምነግርሽ። ከሆሳዕና በፊት ወረቀቱን አምጪ። አለበለዚያ አባ ጋ ገብቼ እነግራቸዋለሁ። ‹ሽቱ ናት ብላ ሸጠችልኝ፣ የትምባሆ ሆና ተገኘች› እላለሁ። ማን እንደሚያፍር እናያለን።»

«ንገራቸው።»

«እነግራለሁ!»

«ንገራ! ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

ሰው ዞሮ አየን። ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም እዚያ ግቢ ውስጥ። ኃይለ መስቀል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ገባኝ፤ አይነግራቸውም። ለመንገር ስሙ የተቀረጸበትን ክዳን አንስቶ ማሳየት አለበት። እሱም ፈርቷል እኔም ፈርቻለሁ፤ አባ ደግሞ በዚያች ሙዳይ ሕመምተኛ ይቀባሉ።

ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ኃይሌማ ይቃጠል። ግንባሩን ለአባ የሰጠ ሕመምተኛ፣ የትምባሆ ሽታ የነካው አመድ፣ የኔ ዕቃ።

መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሞተሩን ሳላስነሳ ቆየሁ። ሽቱ ብያለሁ። ጻፍኩት። «የምን ሙዳይ ናት?» አለኝ፣ «የሽቱ» አልኩት። እንዲሁ ወጣ ከአፌ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ ነው፣ ሽቱ ሲል አይደናቀፍም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ከሰዓት በረዶ ወረደ፣ የእንቁላል ያህል። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለን ሁሉ መስኮት ወደሌለው ወደ መሃሉ ኮሪደር ተሰበሰብን። ጣሪያው እንደ ከበሮ ሲመታ እኔና ቶሚ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ቶሚ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ትምባሆ ጎስጉሷል፤ ክቧን ቆርቆሮ ከጀርባ ኪሱ ሲያወጣ ሱሪው ላይ የእሷ ክብ ነጥቶ ታትሟል፣ እንደ ማኅተም።

«ያን ባለ ትልቅ ድምፅ ሰውዬ ምን አደረግሽው ብዬ ልጠይቅ?» አለኝ።

ነገርኩት። ለምን ለእሱ እንደሆነ እንጃ፤ ከሕዝባችን ስላልሆነ ይሆናል። ስጨርስ ወደ ወረቀት ጽዋው ተፋ፣ አፉን ጠረገ።

«ካርዱን ስትገለብጪው አይቻለሁ፣ ሚስ የሺ።»

«መቼ?»

«ሰውዬው በበር ሲገባ። ገለበጥሽው፣ ከዚያ ፈገግ አልሽ። የተጭበረበረ ዕቃ ይሆን ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን እንዲህ አታደርጊም ብዬ ተውኩት።»

በረዶው መታ፣ መታ።

«እኔ ለሚስቴ ትምባሆ ትቻለሁ ካልኳት አራት ዓመት ሆነኝ» አለ ቶሚ። ሱሪው ላይ ያለውን ክብ በጣቱ ዞረበት። «ይህን ሱሪ በየሳምንቱ የምታጥበው እሷ ናት።»

«ምንም አላለችህም?»

«አንድ ቃል አልወጣትም።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

«ነገ፣ ነገ እላለሁ። አንቺስ?»

ቁጣዬ በእሱ ላይ ዞረ። ምን አገባው? አንድ ትምባሆ ጎራሽ ሊመክረኝ! ተነስቼ ዕቃዬን ለማየት ሄድኩ። መስታወቱ ደህና ነው። አሥራ አንድ።

ገልብጬዋለሁ። እሺ። መኪናውን ሲያቆም በመስኮት አየሁት፣ እጄ ቀደመኝ። ያንን ካርድ ቢያነብ እሁድ ዕለት ግቢው ሁሉ «የሺ የትምባሆ ዕቃ ትነግዳለች» ይል ነበር። ያን ፈርቼ ነው። አሁን የሚሉት ታዲያ ምን ሆነ?


እሁድ፣ ሚያዝያ 5። ሆሳዕና

ዘንባባ በጣቴ እንደ ቀለበት አስሬ ሙሉ ቅዳሴ ቆምኩ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ ሕማማት ይገባል፤ በሕማማት ሳምንት ካህን ኃጢአት አይፈታም፣ መስቀልም አያሳልምም። ስለዚህ ዛሬ ነበር ቀኑ።

አባ በሰው ተከበዋል። እናቶች፣ ሕፃናት፣ ዘንባባ። ጠበቅኩ። አንድ አስታማሚ እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ አመጣ። አባ ከቀሚሳቸው ኪስ የእምነቱን ከረጢት ሲያወጡ አየሁ፤ ሙዳይዋን አላየሁም፣ ጀርባቸው ጋርዶኛል። ሴትዮዋ ግንባሯን ዘረጋች።

ዞሬ ወጣሁ። ፈሪ።

አንድ የቀረ አለ፣ እሱንም ልጻፍ። የሸጥኩለት ዕለት፣ የመጠቅለያ ወረቀቱን እያጠፍኩ፣ ሙዳይዋን እየጠቀለልኩ ሳለ ኃይለ መስቀል «ለአባ ነው፣ ጥሩ አድርገሽ ጠቅልይልኝ» ብሎኛል። ብሎኛል። እኔም እጄን አላቆምኩም። ጥሩ አድርጌ ጠቀለልኩ። ሪባን ጨመርኩ።

ኃይለ መስቀል ከሩቅ አየኝ፤ ወረቀት እንዳልያዝኩ አየ። አባ ጋ ግን አልገባም። እንደገመትኩት።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 10። ስቅለት

ሳልተኛ ልጻፈው።

ከጠዋት ጀምሮ ሲሰገድ ዋለ። ወደ ማምሻው እንደ ሥርዓቱ ለጥብጠባ ተሰለፍን፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላው። አባ ለእርጅናቸው ወንበር ተደርጎላቸዋል፤ የወይራ ቅጠል ይዘዋል። ሰው ይጎነበሳል፣ የበደለውን በጆሯቸው ይናገራል፣ እርሳቸው ጀርባውን በወይራው መታ መታ አድርገው የስግደት ቁጥር ይሰጡታል።

ተጎነበስኩ።

«አባ።»

«በይ።»

«ሙዳይዋ የሱረት ናት። የትምባሆ።» በሹክሹክታ ነው የተናገርኩት።

«አልሰማሁም። ጮክ በይ።»

ከኋላዬ አሥራ አምስት ሴት አለ።

«አባ፣ ኃይለ መስቀል የሰጠዎት ሙዳይ የትምባሆ ናት።»

«ጮክ በይ ልጄ፣ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ።»

«የትምባሆ ናት!» አልኩ። በጩኸት አልኩ። «እያወቅኩ ሸጥኳት! ካርዱን ገልብጬ፣ ሽቱ ናት ብዬ! ለእርስዎ መሆኑን ነግሮኝ፣ እያወቅኩ ጠቀለልኳት!»

በወንዶቹ ወገን አንድ ሰው አሳለ፤ ያንን ሳል አውቀዋለሁ።

ወይራው አልቆመም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ሰማሁ» አሉ አባ። «የመጀመሪያውንም ሰምቼሻለሁ። መቶ አንድ ስገጂ። ሲያልቅ ነይ።»

መቶ አንድ ሰገድኩ። በየስግደቱ ንዴቴ እየበረታ። የመጀመሪያውን ሰምተው ነው ያስጮኹኝ!

ሲያልቅ ሄድኩ። ከኪሳቸው ሙዳይዋን አወጡ። ክዳኗን ከፈቷት። በወርቅ ቅቡ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ናቸው። የጆሮ ማዳመጫቸው ባትሪዎች። ስድስት።

«እምነት አላደረግኩባትም» አሉኝ። «አንድም ቀን። የሰጠኝ ዕለት በእጄ ስትሞቅ ሸተተችኝ።»

«ሽታውን ከየት ያውቁታል?»

«ካርቱም። ለሕፃኗ ጉድጓድ የቆፈረልን ሽማግሌ ረሳሽው? እስላሙ። ሥራውን ሲጨርስ ቆርቆሮውን አውጥቶ መጀመሪያ ለእኔ ዘረጋልኝ። ሌላ የሚሰጠኝ አልነበረውም። እኔ ቄስ ነኝ፣ እንዴት ልውሰድ? ግን እጁን ጨበጥኩት፤ እጄ ላይ ያ ሽታ ሦስት ቀን ቆየ። ጠልቼው አላውቅም።»

ሽማግሌውን አስታወስኩት። አካፋው አጭር ነበር። ክፍያ እምቢ ያለ ሰው።

ግን ንዴቴ አልወረደም፤ ደብተሬን አልዋሸውም። «አባ! ሰባት ሳምንት! ሰባት ሳምንት እኔ ስቃጠል ዝም ብለው አዩኝ? ‹ምን ያደርጉባት ነበር› ብለው እያወቁ ጠየቁኝ?»

«ጠየቅኩሽ። ‹ትንንሽ ነገር› አልሽኝ።»

«ለምን ራስዎ አልነገሩኝም?»

«ሻጯ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ስለ ዕቃው የሚናገረው ሻጩ ነው።»

ሙዳይዋን ይመልሱልኝ፣ ሌላ ልስጥዎ አልኳቸው። ክዳኗን ጠቅ አድርገው ዘጉ። «ባትሪዬን የት ላድርግ? ክዳኗ ጠንካራ ነው፣ በአንድ እጅ ይከፈታል። ለሽማግሌ የተሠራች ናት።» ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

እውነታቸውን ነው። በአንድ እጅ እንድትከፈት ነው የተሠራችው። ለደንበኛ ሁሉ የምነግረው እሱን ነው።


እሁድ፣ ሚያዝያ 12። ፋሲካ

ሌሊቱን ቆመን ጾም ፈታን። ከእንቅልፍ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ኃይለ መስቀል ቤቴ መጣ። በእጁ ዳቦ ይዞ፤ ፋሲካ ነውና ባዶ እጁን መጥቶ አይሳደብም።

«እንኳን አደረሰህ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። የሺ፣ ጨረስሽኝ።»

«ስምህን አልጠራሁም።»

«‹ኃይለ መስቀል የሰጠዎት› ብለሽ ጮኸሻል! ሰባት ሰው ነው ስልክ የደወለልኝ!»

እውነቱን ነው፤ ጠርቻለሁ። ዳቦውን ተቀበልኩት።

ተቀመጠ። ድምፁ ወረደ። ሶልያና እንደሳቀችበት ነገረኝ፦ «‹ዳድ፣ ስምህ ሁለት መቶ ዓመት ይቆያል› አለችኝ። እየቀለደች ነው፣ ገባሽ?» ከዚያ፦ «ስሜን አጥፊልኝ። እባክሽ። ታውቂበታለሽ አይደል ብር ሥራ?»

«አይጠፋም። ክዳኑ ስስ ነው፤ ፍቄ ላጥፋው ብል ይበሳል።»

«ታዲያ?»

ከቦርሳዬ አንድ ካርድ አወጣሁ። ትናንት ጽፌዋለሁ፣ በአማርኛ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው የአማርኛ ካርዴ ነው። አነበበው፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፦

«የሱረት ሙዳይ፣ ማለትም የትምባሆ ዱቄት መያዣ። ብር፣ ውስጡ የወርቅ ቅብ። በርሚንግሃም፣ 1814። ባለቤት፦ አባ ገብረ ሥላሴ። አሁን የሚያዝበት፦ ባትሪ። ጉዳት፦ በክዳኑ ላይ ያለው መስቀልና ስም በ2017 ዓ.ም. የተጨመረ ነው። ሻጭ፦ የሺሃረግ፤ ለገዥው በትክክል ሳትናገር ሸጣታለች።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። የመጨረሻው መስመር ላይ ቆየ።

«ይህን ፈርመሽ ትሰጭኛለሽ?»

«ፈርሜዋለሁ።»

ለምርጫው እንደሚጠቅመው ገባው፤ ነጋዴ ነው እሱም። አጥፎ ኪሱ ከተተው። በሩ ላይ ቆመ።

«የሺ።»

«ምን?»

«‹ጉዳት› የሚለውን ቃል ማውጣት አይቻልም?»

«አይቻልም።»

ሄደ። ዳቦው ጥሩ ነው፤ የሚስቱ እጅ ነው።

ነገ፦ የቢሮ ዕቃ መሸጫው ሲከፈት ወፍራም ነጭ ካርድና ጥቁር ቀለም መግዛት። አሥራ አንድ ካርድ በአማርኛ መጻፍ። ከእንግሊዝኛው ጎን፣ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ማስቀመጥ።